ጋሼ ሻንሲና ያልተነበበው ቁጥር

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ ሻንሲ» እያለ የሚጠራቸው አጎታችን ከአናጢው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1939 ዓ.ም. ተወለዱ። ከላያቸው ታላቅ ወንድማቸው፣ ከታቻቸው ደግሞ የዚህ ታሪክ ጸሐፊ እናት የሆኑት እኅታቸው ነበሩ። ያደጉት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ባቡር ባለፈ ቁጥር ብርጭቆዎቹ በመደርደሪያ ላይ በሚንጫጩበት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። መግፋት አቅቷቸው አልነበረም፤ ልባቸው ቀድሟቸው ጋራዥ ስለገባ ነው። በ1954 ዓ.ም. ታላቅ ወንድማቸው በሚሠሩበት ጋራዥ ተቀጠሩ። ወንድማማቾቹ አንዲት የተጋጨች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የስፖርት መኪና በርካሽ ገዝተው ከሥራ ሰዓት ውጭ ያድሷት ጀመር። ሻንሲዋን፣ ማለትም አካሏን የሚሸከመውን ብረት፣ አጥበው ቀለም የቀቡት አጎታችን ናቸው። ከፊት ጎማው ጀርባ ብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር ያኔ አንብበው በቃላቸው ያዙት።

በ1957 ዓ.ም. አንድ እሑድ ጠዋት ታላቅ ወንድማቸው መኪናዋን ሊሞክሩ፣ ለምሳ እንደሚደርሱ ተናግረው ወጡ። በዚያው የውሃ ሽታ ሆነው ቀሩ። ፖሊስ ፈለገ፣ ዘመድ ፈለገ፤ መኪናዋም ሰውየውም አልተገኙም። እናታቸው «ያልሞተ ልጄን ሞተ አትበሉብኝ» ብለው ለቅሶ ከለከሉ። እንደከለከሉም ዐረፉ። ከእሳቸው በኋላ መጠበቁን የወረሱት እኅታቸው ናቸው።

አጎታችን የያዙት ሙያ ከዚያ እሑድ የመጣ ነው። ሰሌዳ ይፈታል፣ ቀለም ይቀየራል፣ ሞተር ወርዶ ሌላ ይገባል፣ ሊብሬም ይዋሻል፤ የሻንሲ ቁጥር ግን መኪናው ሲወለድ የተመታ ነውና መጀመሪያ እሱን ጠይቁ ይሉ ነበር። ቀጥለው የማርሹን ሳጥን ቁጥር፣ የካርቡራተሩን፣ በበሩ ሽፋን ጀርባ የተጻፈውን ሳይቀር አይተው መኪናው አንድ ይሁን ከሁለት የተሰፋ ይለያሉ። ከሩቅ ከተማ ሳይቀር አሮጌ የስፖርት መኪና ያላቸው ሰዎች በግቢያቸው ወደ ከፈቱት ጋራዥ ይመጡላቸው ነበር። አንድ የጨርቅ ነጋዴ የሚኮሩባትን መኪና ቢያመጡ ፊቷ የአንዷ፣ ኋላዋ የሌላዋ መሆኑን ነገሯቸው፤ ነጋዴው ከዚያ ወዲህ ሰላም አላሏቸውም። አጎታችን ግን ጎንበስ ያሉበት ብረት ሁሉ ያችኑ የወንድማቸውን መኪና ፍለጋ ነበር። ባላገኟት ቁጥር ተነሥተው እጃቸውን ይጠርጋሉ።

በ1966 ዓ.ም. ከፋርማሲ ባለሙያዋ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ ወልደዋል። በሠርጋቸው ዕለት ሙሽራዋን በር ላይ አቁመው፣ በነጭ ሸሚዛቸው ከሚዜያቸው መኪና ሥር መግባታቸውን ባለቤታቸው እስከ ዛሬ ይቅር አላሏቸውም። «እኔን ያገቡኝ ሻንሲ ቁጥር ስለሌለኝ፣ ፈትሸው ቶሎ የሚጨርሱኝ መስሏቸው ነው» ይላሉ።

በ1994 ዓ.ም. ዝናብ ጠፍቶ ከከተማው ወጣ ያለው ሐይቅ ሲሸሽ ዓሣ አጥማጆች ከጭቃው ውስጥ የመኪና አጥንት አዩ። በጭነት መኪና ተጎትቶ አጎታችን ግቢ ደረሰ። ዓይነቱ ያው ነው። ሰሌዳ የለውም፤ ሞተሩ የለም፤ ውስጡ ከጭቃ በቀር ባዶ ነው። የቀረው ከፊት ጎማው ጀርባ በዝገት የተሸፈነው ቁጥር ብቻ ነበር።

አጎታችን ለሠራተኞቻቸው ሁሉ የሚያስተምሩት አንድ ሕግ ነበራቸው፤ የቆየ ዝገትን በብረት አትንኩ፣ ነጭ ጋዝ ቀብታችሁ ተዉት፣ በማግስቱ በጨርቅ አብሱት። ያን ዕለት እኅታቸው አጠገባቸው ቆመዋል፤ አጎታችን ራሳቸው ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ጠብቀዋል። ለነገ መተው አልቻሉም። የሽቦ ብሩሽ አንሥተው ፈገፈጉት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ወጡ፤ ልክ ናቸው። የተቀሩት ከዝገቱ ጋር አብረው ተፈርፍረው መሬት ወደቁ። ሦስቱን ቁጥሮች የዚያ ዓይነት መኪና ሁሉ ይጋራቸዋል። ቤተ ሙከራ ተወስዶም ብረቱ ከውስጥ በመበላቱ የተቀረው ቁጥር አልተገኘም። ሌላ ሰው ቢሠራው ኖሮ በተቆጡ፣ በቀለላቸውም ነበር።

እኅታቸው ግን የሚፈልጉት ቁጥር አልነበረም።

«ጋሼ፣ እሱ ነው በለኝና ልቅሶዬን ላልቅስ» አሏቸው።

«ያላነበብኩትን እንዴት ብዬ ልበልሽ፣ እቴ?» አሉ።

ቤተሰብ ሁሉ ለመናቸው። አንዲት ቃል ነበረች፤ እውነት ባትሆንም የሚከሳቸው አልነበረም። እንቢ አሉ። እናቴ በ2001 ዓ.ም. ሲያርፉ ወንድማቸውን ሳያለቅሱ ነው። አጎታችን በቀብራቸው ላይ ከሁሉ ኋላ ቆመው ነበር፤ ማንም አላጽናናቸውም፤ እኛም ልባችን ደንድኖ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማንም መኪና ቢያመጣ ቁጥር አላነብም ብለው ይመልሱ ነበር። ያንን ብረት ግን አልጣሉትም። ሰማዩ በዳመነ ቁጥር እየሮጡ ሸራ ያለብሱታል። ባለቤታቸው ስንት ዘመን ውሃ ውስጥ የኖረ ብረት ከዝናብ ይሸፈናል ወይ ብለው ይስቁባቸው ነበር፤ ኋላ ላይ መሳቁን ትተው የሸራውን ሌላኛውን ጫፍ ያዙላቸው።

በሳንባ ሕመም ለሦስት ዓመታት በቤታቸውና በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ግንቦት 8 ቀን 2015 ዓ.ም. በ76 ዓመታቸው ዐርፈዋል። በመጨረሻ ሰሞን ልጃቸው ያ መኪና የማን እንደሆነ ልባቸው ምን እንደሚል ጠይቃቸው ነበር። ልቤን አልጠየቅኩትም ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ባለቤታቸውን፣ አንዲት ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና የእኅታቸውን ልጆች ትተው ሄደዋል። ታላቅ ወንድማቸውን በሞት ከቀደሟቸው ጋር እንጻፍ ወይስ በሕይወት ከቀሩት ጋር፣ ትናንት ቤተሰቡ ተቀምጦ ተነጋገረ፤ አልተስማማንም።

የአጎታችንን ድካም የሚያሳርፍ አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ዘንድ ያኑርልን። ለወንድማቸውም ልንለምን ፈልገን ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማር እንበል ወይስ በደህና ይመልሳቸው፣ የሚነግረን የለም።