እማዬ ያልደወለችበት ቀን

ክለን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ለምወድሽ እህቴ፣

ውርጩ መስኮቱን ከያዘበት ከዚህ ቤት፣ በጋው እስከገባበት እስከ አንቺ አገር ድረስ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? ባለቤትሽስ ጉልበቱ ተሻለው? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትልቋ ፈተናዋን አለፈች? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። «ደህና» የሚለውን ቃል ስጽፍ እጄን ትንሽ ያዝ አደረገኝ። በዚህ ሳምንት ይህን ቃል ከብዙ ሰው አፍ ሰማሁት፤ ከተናገሩት ውስጥ ግን ደህና የነበረ አንድም ሰው አልነበረም።

በስልክ የነገርኩሽ ግማሹን ብቻ ነው። ግማሹን ያስቀረሁት ልደብቅሽ ብዬ ሳይሆን ለራሴም ስላልገባኝ ነው። አሁንም ሙሉ በሙሉ ገብቶኛል አልልም። ስለዚህ ሐሳቤን ትቼ የሆነውን ብቻ በቅደም ተከተሉ ልጻፍልሽ፤ አንቺ ደግሞ ረጋ ብለሽ አንብቢው።

እማዬ ሆስፒታል የገባች ዕለት የደወለችልኝ ስለ ልቧ ልትነግረኝ አልነበረም። «የቤቱ ማሞቂያ እያስቸገረ ነው፤ አባትህ አይችልበትም፤ መጥተህ ብታየው» ነበር ያለችኝ። የት ሆነሽ ነው የምትደውዪው ስላት፣ «ሆስፒታል ነኝ፤ ለጥቂት ቀን ነው፤ ደህና ነኝ» አለች። ከምኖርበት ከሊድስ እዚህ ክለን ድረስ በዚያ ብርድ ነድቼ መጣሁ። ማሞቂያው ምንም አልሆነም። ክዳኑን ፈትቼ አየሁት፣ መልሼ ገጠምኩት፣ እንደ አዲስ ነው የሚሠራው። አባዬ ከኋላዬ ቆሞ ሻይ እየጠጣ፣ «ምን ፈልገህ ነው የምትፈታታው?» ይለኛል። እንዴት እንደ ተናደድኩ አትጠይቂኝ። ለእሷም ደውዬ ማሞቂያው ደህና እንደሆነ፣ እሑድ ወደ ማስተማር ሥራዬ እንደምመለስ ነገርኳት። «ጥሩ» አለች።

ከዚያ ሐኪሟ ደወለልኝ። የልቧ ቫልቭ እንደ ጠበበ፣ ቀዶ ሕክምናውን ካላደረገች በጋን እንደማታይ፣ ካደረገች ግን ገና ብዙ ዓመት ሊኖራት እንደሚችል ነገረኝ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ግን ለወራት ዕቃ ማንሳት የለም፣ መኪና መንዳት የለም፤ መጀመሪያ ላይም የምታርፈው በማገገሚያ ቤት እንጂ በቤቷ አይደለም። ለረቡዕ ቦታ ተገኝቶላታል። እስከ ቅዳሜ ማታ ካልፈረመች ቦታው ለሌላ በሽተኛ ይሰጣል። እሷ ግን እምቢ ብላለች። ሐኪሙ እንዳለኝ፣ ሁለተኛ ሲኒ ሻይ እንደ ቀረበለት እንግዳ «አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ» ነው ያለችው። ምክንያቷን ሲጠይቃት ስለ ጭጋጉ አወራችለት።

የእማዬን ነገር ታውቂያለሽ፤ በጉልበት አትመለስም። ሊያሳምናት የሚችል ሰው ቢኖር አባዬ ብቻ ነው ብዬ ቅዳሜ ጠዋት አዘጋጀሁት። «እማዬ ጋ እንሄዳለን፤ ሕክምናውን እሺ በይ ብለህ አንተ ንገራት» አልኩት። «እነግራታለሁ፤ እኔን ትሰማኛለች» አለኝ። ክራባቱን አሰረ፣ ጫማውን ወለወለ፣ ወጥቶ መሪው ኋላ ተቀመጠ። እኔ ልንዳ ብለው፣ «አንተ ከመቼ ወዲህ ነው በበረዶ ላይ መንዳት የቻልከው? ሊድስ አውቶቡስ ውስጥ ስታንቀላፋ ነው የኖርከው» አለ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ስለ ነበር ክርክሩ አልረዘመም። እያጉረመረመ ዞሮ በእማዬ ቦታ ተቀመጠ።

ሌሊቱን አመዳይ ጥሎ ነበር። የቁጥቋጦ አጥሩ ሁሉ ነጭ ሆኗል፤ በጎቹም ፀጉራቸው ላይ ውርጭ እንደ ጫኑ ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረው ቆመዋል። ዋናው መንገድ ጨው ተበትኖበት ስለ ነበር ደህና ያስኬዳል። ገና ክሬቨን አርምስ ከተማ ሳንደርስ አባዬ፣ «ወንዙ ሞልቶ መንገዱን ዘግቶታል፤ በግራ ታጠፍ፣ በኮረብታው እናቋርጣለን» አለኝ። ታጠፍኩ። አርባ ዓመት ሙሉ የዚህን አገር ላምና በግ ሲያዋልድ የኖረ የእንስሳት ሐኪም ታጠፍ ሲለኝ እምቢ የምለው በምን ዕውቀቴ ነው?

ለአንድ መኪና ብቻ በምትበቃ መንገድ ወደ ላይ ወጣን። ጨው የሚባል ነገር የለም። አባዬ ግን ደስ ብሎታል። የምናልፈውን በር ሁሉ በባለቤቱ ስም ይጠራል። «እዚህ ቤት በሬ የጎን አጥንቴን ሰብሮኛል። እዚያኛው ቤት ደግሞ ሴትየዋ በሾርባ ልትገድለኝ ነበር» ይላል። ትራክተር ገጥሞን ወደ ኋላ ስመለስ ጎማው ተንሸራቶ ማርሹን አስጮህኩት። «ቀስ በል እንጂ፤ ምጥ ላይ ያለች ላም አስመሰልካት» አለኝ። ሳቅሁ። እኔም ለትንሽ ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር ማለት ነው። በኋላ ግን ጭጋጉ ወረደ፤ መንገዱም ሆስፒታሉ ወዳለበት ከተማ ከመውረድ ይልቅ እየወጣ ሄደ። በዚህ እንደርሳለን ወይ ብዬ በጠየቅሁት ቁጥር፣ «ዝም ብለህ ንዳ» ይለኛል።

መንገዱ አንድ ግቢ ውስጥ ገብቶ አለቀ። አባዬ ቀበቶውን ፈታ፣ ወረደ፣ የመኪናዬን ኋላ ከፍቶ ይበረብር ጀመር። ቦርሳው የት እንዳለ ጠየቀኝ። የላስቲክ ቦቱንም ፈለገ። «ፍጠን እንጂ፤ ጥጃው በኋላ እግሩ ነው የመጣው፤ ሰዎቹ ከንጋት ጀምሮ እየጠበቁኝ ነው» አለኝ። በግቢው ውስጥ አንድ ላም የለም። በረቱ የነበረው ቤት መስኮት ወጥቶለት፣ መጋረጃ ተሰቅሎበት፣ ለእረፍት የሚመጡ ሰዎች የሚከራዩት ማደሪያ ሆኗል። እማዬ እስከ ማታ ካልፈረመች ቦታዋን ታጣለች፤ እኛ ደግሞ ኮረብታ ላይ ጥጃ ፍለጋ ቆመናል። አባዬ ላይ ጮህኩበት። ያልኩትን አልደግመውም።

ግሌኒስ ፕሮበርት የወጣችው ያን ጊዜ ነው። የእርሻው ባለቤት ናት፤ እኔ አላወቅኋትም፣ እሷ ግን አወቀችኝ። ወደ እኔ አልመጣችም። ቀጥ ብላ ወደ አባዬ ሄዳ እጁን ያዘችና፣ «ሚስተር ቤዶስ፣ በዚህ ውርጭ ደግሞ መጡ? ላሟ እኮ ተገላገለች። ጥጃውም ቆሟል፣ ይጠባል። ባለፈው እንዳሉን አደረግን» አለችው። አባዬ እፎይ አለ። «በኋላ እግሩ አልነበረም?» አላት። «ነበር፤ እርስዎ ባያሳዩን ኖሮ ሁለቱንም እናጣቸው ነበር። አሁን ይግቡና ይሙቁ፤ ዘቢብ ያለበት ኬክ አለ» አለችው። ገብቶ እሳቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ፣ የራሱ ቦታ እንደሆነ ሁሉ፣ ተቀመጠ።

እኔን በር ላይ አስቆመችኝ። «ይቅርታ አድርግልኝ፤ ሳልዘጋጅ ነው የደረሳችሁብኝ። እናትህ ሁልጊዜ ከታች ከመገንጠያው ትደውልልኝ ነበር» አለችኝ። ሁልጊዜ? ስንት ጊዜ ነው ሁልጊዜ? «እንግዲህ ጥጃ ላዋልድ ብሎ ሲነሳበት ነዋ። ከምትከለክለው ይዛው ትመጣለች፤ ኬኩን በልቶ ደስ ብሎት ይመለሳል።» እማዬ ሆስፒታል መሆኗን ነገርኳት። «ወይኔ፤ ታዲያ እሱን ማን...» ብላ አቋረጠች። ከዚያ ኮረብታውን አየችና ጭጋጉ ወደ ማታ ሳይነሳ እንደማይቀር ነገረችኝ።

ስለ አየር አታውሪኝ አልኳት። ይህ ነገር ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ለምንስ አንድ ሰው እንኳ ለእኔ እንዳልነገረኝ ጠየቅኋት። ፊቷ ቀላ። «እኛማ የምታውቅ መስሎን ነው። በገና ቤተ ክርስቲያን የመንደሩን ሰው ስታገኝ ምንም ስላላልክ፣ እንዲነሳብህ አትፈልግም ብለን ነው። ነውር እንዳይሆንብን» አለችኝ። አየሽ? የማላውቀውን ነገር ባለማንሳቴ ጨዋ ተብዬ ተከበርኩ። ፖስተኛው ያውቃል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ደዋይ ያውቃል፤ ሥጋ ሻጩ ያውቃል። የሰው ስሜት እንዳይነኩ ሲሉ ሁሉም አፋቸውን ይዘው እኔና አንቺ ብቻ ቀረን። ይህን ስጽፍልሽ እንኳ ደሜ ይፈላል።

ወደ ዋናው መንገድ ስንመለስ ወንዙ አልሞላም፤ መንገዱም አልተዘጋም። መገንጠያ በደረስን ቁጥር አባዬ ፊቱን ወደ እኔ ያዞርና አንድ ነገር እንድለው ይጠብቃል። ግራ ወይም ቀኝ ስል ራሱን ይነቀንቃል። እማዬ መኪና ውስጥ አፏ አያርፍም ብለን «ሁለተኛዋ መሪ» እንላት እንደ ነበር ታስታውሻለሽ? እስካለፈው ሳምንት ድረስ የነዳው እሱ ነው፤ አጠገቡ ተቀምጣ ግራ፣ ቀኝ የምትለው እሷ ናት። ይህን ሳስብ መኪናውን ጥግ አስይዤ ትንሽ ቆምኩ።

«የት ነው የምንሄደው?» አለኝ። እማዬ ጋ አልኩት። እማዬን በስሟ ጠርቶ፣ «ሙሪየል ምን ሆነች?» አለኝ። ነገርኩት። ፊቱ ጨለመ። «ለምን አልነገራችሁኝም?» ብሎ እጁን ጉልበቱ ላይ ያሻሽ ጀመር። ብዙም ሳንርቅ እንደገና ጠየቀኝ፤ እንደገና ነገርኩት፤ ፊቱ እንደገና እንደ አዲስ ጨለመ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ «እየጠበቀችን ነው» አልኩት። «ጥሩ፤ መዘግየት አትወድም» ብሎ መስኮቱን ተመለከተ። ውሸት አልነበረም፤ ግን መልስም አልነበረም። ለተማሪ ቢሆን ዜሮ የምሰጥበት ነገር ነው።

ሆስፒታል ስንደርስ መሽቶ መብራቱ በርቷል። ነርሷ፣ በዕድሜ የልጅ ልጇ ልትሆን የምትችል ልጅ፣ «ሙሪየልዬ፣ የኔ ቆንጆ፣ ቆንጆ ቆንጆ ወንዶች መጡልሽ» ትላታለች። እማዬ ይህን እንዴት እንደምትጠላው ታውቂያለሽ፤ ግን ሳቀችላት። በጣም ከስታለች። አባዬን ስታይ መጀመሪያ ፀጉሯን፣ ቀጥሎ የእሱን ክራባት አስተካከለች። እሱም ቁጭ ብሎ፣ «ያቺ ላም ድናለች» አላት። «ሰማሁ፤ ጎበዝ» አለችው። ከዚያ እኔን አየችኝና፣ «ግሌኒስ ኬክ ሰጠቻችሁ?» አለችኝ። አዎን አልኳት። ሁለታችንም ወደ መስኮቱ ዞርን። መስኮቱ ላይ ከእኛው ምስል በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም።

አባዬ ሊነግራት የመጣውን አልነገራትም፤ እጇን ይዞ እንቅልፍ ወሰደው። ልቆጣት ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ለምን ደበቅሽን? በዚህ መንገድ ላይ እንዴት እንዲነዳ ፈቀድሽለት? እኔስ ልጅሽ አይደለሁም? ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። «እስከ ፋሲካ ከእሱ ጋር እቆያለሁ፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን» አልኳት። «ሥራህስ?» አለች። ፈቃድ ጠይቄአለሁ አልኳት። አልጠየቅሁም ነበር፤ እንዳልጠየቅሁም አውቃለች መሰለኝ።

«አባትህ ሰው ፊት ሲታረም ያፍራል። አንተ ደግሞ ሰው ማረም ትወዳለህ» አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። «ማታ ማታ በሩን ቆልፍ፤ ቁልፉን ግን ስትደብቅ አይይህ። ሸሚዙን አልጋው ላይ ዘርጋለት እንጂ ይህን ልበስ አትበለው። ስለ እናቱ ከጠየቀህ፣ ሞታለች ሳትል ደህና ናት በለው።» እሺ አልኳት። እያንዳንዱን እሺ ስል ዓይን ዓይኔን ታየኛለች፤ ፈተና ላይ ነበርኩ። በመጨረሻ ነርሷን ጠራቻትና፣ «ያ ወረቀት አሁንም አለ? ብዙ ካላስቸገርኳችሁ ሐሳቤን ልቀይር ነው» አለቻት። ፈረመች። ስሟ ይነበባል።

ሕክምናው ረቡዕ ነው፤ እንዳለቀ እደውልልሻለሁ። አሁንም ተናድጃለሁ፤ በእሷም፣ በመንደሩም፣ በራሴም። ግን ለመናደድ ጊዜ አላገኘሁም። ዛሬ ጠዋት ሸሚዝ መርጬ አልጋ ላይ ስዘረጋ ነበር። ይህን ካነበብሽ በኋላ ለእማዬ ስትደውዪ እንዳላወቀ ሰው ስለ ቫልቩ ብቻ ጠይቂያት፤ ሌላውን በራሷ ጊዜ ትነግርሻለች።

አንቺ በሰኔ እመጣለሁ ብለሽ ነበር። ሰኔ ሩቅ ነው። ለእማዬ ብዬ አይደለም፤ እሷ በሰኔም ስምሽን ጠርታ ትቀበልሻለች፣ እንደማምነው። ከቻልሽ በዚህ ወር ነይ። ስትገቢም ማን እንደሆንሽ አስቀድመሽ ተናገሪ፤ «አወቅኸኝ?» ብለሽ አትጠይቂው።

አባዬ አሁን ከጎኔ ተቀምጦ ብዕሬን ያያል። ለማን እንደምጽፍ ጠየቀኝ። ለአንቺ መሆኑን በስምሽ ነገርኩት። «ሰላም በልልኝ» አለ። ቀጥሎም፣ «ደግ ሰው ትመስላለች» አለኝ። ሰላምታውን እንደ ተናገረው አድርሼልሻለሁ።

እግዚአብሔር አንቺንም ቤትሽንም ይጠብቅልኝ። መንገድሽን ያቅናልሽ።

ወንድምሽ