የማኅበሩ ጋን ለኅዳር ሚካኤል

ለወንዝ ዳር ሙዚየም ኃላፊ
ለወይዘሮ ራሔል
ሸዋ ሮቢት

ቀን፦ ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ የጽዋ ማኅበራችን የጠላ ጋን በውሰት እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

1. አመልካች የከተማው ነዋሪና የሚካኤል ጽዋ ማኅበር አባል ነኝ። በመስከረም መጨረሻ ሙዚየሙ ሲከፈት ጋናችንን ለቅርስነት ጠየቃችሁን፤ ማኅበርተኛው አጨብጭቦ ሰጠ። ያላጨበጨብኩት እኔ ብቻ ነኝ። «ጠላ ጠጪ ሳለ ጋን አይሰጥም» ብዬ ነበር፤ የሰማኝ የለም።

2. የፈራሁት ደረሰ። ጥቅምት 12 ቀን ተረኛው አሰፋ በፕላስቲክ በርሜል ጠምቆ አቀረበ። የማኅበሩ አዛውንት ቀመሱና «አሴ፣ ይሄ ናፍጣ ናፍጣ ይላል» ብለው ተነሡ፤ ዳግም ላይመጡም ማሉ። ጽዋውን ከአሰፋ እጅ የተቀበልኩት እኔ ስለሆንኩ የኅዳር ሚካኤል ተረኛ ነኝ።

3. ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት እንደ ማንኛውም ጎብኚ ትኬት ቆርጬ ገባሁ። አስጎብኚዋ ሐና ከወንዙ አሮጌ ድልድይ ጀምራ አስጎበኘችን፤ ሐሰት አልናገርም፣ ደህና አድርጋ ታስረዳለች። ጋኑ ዘንድ ስንደርስ ጎንበስ ብዬ አፉን አሸተትኩ።

«አባባ! ቅርስ አይሸተትም!» አለችኝ።

የእኛ ነው ብላት፣ «አሁን የሁሉም ነው» አለች። እኔም ከሁሉም አንዱ ነኝ። የወይራው ጢስ ጠፍቶ አቧራ አቧራ ይላል።

4. ባለቤቴ የሺ ሙሽራ ሳለች የመጀመሪያ ጠላዋን የጠመቀችው በዚሁ ጋን ነው። አሁን ጉልበቷ ደክሟል። «የዘንድሮው የመጨረሻዬ ነው» ትላለች። እኔ አላምናትም። ግን ቢሆንስ?

5. በመሆኑም ጋኑ ከኅዳር 1 እስከ 13 ቀን በውሰት እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ዋስ ከተፈለገ አሰፋን አቀርባለሁ፤ በርሜሉን ያመጣው እሱ ነውና አይቃወምም።

6. ቅርስ ከግቢ እንደማይወጣ ሐና ነግራኛለች። ደንብ አከብራለሁ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ደንብ ቆሜ እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ ቅርስ እንዳይወጣ ይከለክላል እንጂ ጠላ እንዳይገባ የሚል የለበትም። ስለዚህ ጋኑ ካልወጣ፣ የሺ ወይራዋንና ጥንስሷን ይዛ ትገባለች። በበዓሉም ቀን ማኅበርተኛው በሙሉ ትኬት ቆርጦ ይመጣል፤ አዛውንቱን እኔው ራሴ ይዣቸው እመጣለሁ። ለእርስዎም ለሐናም ቦታ ይዘናል።

ውሳኔዎ በጽሑፍ እንዲደርሰኝ እያሳሰብኩ፣ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

አየለ ወልደ ሰንበት
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለየሺ፣ ጌሾውን ማዘጋጀት እንድትጀምር