ወደ ጥግሽ የዞረው ቬንትሌተር

ለምወድሽ እናቴ፦

እንደምን ሰንብተሻል? ሳሉስ እንዴት አደረገሽ፣ ሌሊት ያስተኛሻል? አባዬ ወገቡን ተሻለው ወይ? የአያቴስ ዓይን? ትንሹ ወንድሜ አሁንም ለእንግዳ ምላሱን ያወጣል ወይስ ትምህርት ቤት ገብቶ ሰው ሆነ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። የዘገየሁት ረስቼሽ እንዳይመስልሽ። የምጽፈው ነገር እየከበደኝ ደጋግሜ ጀምሬ ቀደድኩት።

እንደምታውቂው የምሠራው ባንቺው የስፌት መኪና፣ ባንቺው ጥግ ነበር። አንቺ ታመሽ ወደ ቤት ስትመለሺ የፍራሽ ቤቱ አለቃ መኪናዋን ለሌላ ሰው ሊሰጥ ሲል “የእናትየዋ ወንበር ለልጅቷ ነው” ብላ የተሟገተችልኝ ጓደኛሽ እትዬ ራዲዮ ናት። አሁንም ከሷ ጋር ነው የምኖረው። እሷ ከነጋ እስኪመሽ ታወራለች፣ እኔ እሰማለሁ፤ ተስማምተን ነበር የምንኖረው።

ባለፈው ወር አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መጣች። ትምህርቷ የጥጥ ብናኝ ክፍል ውስጥ ወዴት ወዴት እንደሚሄድ በኮምፒውተር አስልቶ ማወቅ ነው አለች። ጥጥ ነዳፊው “የት ይሄዳል ብለሽ ነው እህቴ? አፍንጫችን ውስጥ ነው ያለው” ሲላት ሁሉም ሳቀ። እሷም ስቃ “አፍንጫህ ጋ ለመድረስ በየት በኩል እንደሚመጣ ልወቅልህ” አለችው።

ከዚያ ግድግዳውን፣ በሩን፣ መስኮቶቹን፣ መኪኖቹን፣ ቬንትሌተሩን ሁሉ በሜትር ለካች። የሜትሩን ጫፍ የያዝኩላት እኔ ነኝ። ክፍላችንን እንዳለ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሠራችው። ሰዎቹ ግን ፊት የላቸውም፣ የቆመ ጆንያ ነው የሚመስሉት፤ ጥጉ ላይ ያለችው ትንሿ ጆንያ እኔ ነኝ። ክፍሉን በሙሉ በጣም ትንንሽ ሳጥኖች አድርጋ ትከፋፍለዋለች። እያንዳንዱ ሳጥን ከጎረቤቱ ምን ያህል አየር ተቀብሎ ለሚቀጥለው ምን ያህል እንደሚያቀብል ኮምፒውተሩ ያሰላል፤ ብናኙም ከአየሩ ጋር ይጓዛል። እኔ የገባኝ ይህን ያህል ነው።

መጀመሪያ ያወጣው ነገር ልክ አልነበረም። ለማመሳከር ብላ ከጣሪያው ላይ ቀጫጭን ክር አንጠልጥላ ነበር። ኮምፒውተሩ በኋለኛው መስኮት ንፋስ ይወጣል ሲል ክሮቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። ለካ ተሰፍቶ ያለቀው ፍራሽ እስከ ጣሪያ ተከምሮ መስኮቱን እንደደፈነው ሳትነግረው ቀርታ ነው። “ኮምፒውተር የነገርኩትን ነው የሚያምነው” ብላ ክምሩን አስገብታ እንደገና አሰላች። ሰው ፊት ተሳስታ ምንም አላፈረችም። እኔ ብሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ነበር የምመርጠው። የኋላ ኋላ ክሮቹና ኮምፒውተሩ ተስማሙ።

ያን ጊዜ ሁላችንንም ሰብስባ፣ ግድግዳው ላይ የፍራሽ ጨርቅ ሰቅላ በፕሮጀክተር አሳየችን። ብናኙን ቀይ አድርጋዋለች። ቬንትሌተሩ እንደ ወትሮው ወደ ጥጉ ሲዞር ብናኙን ከነዳፊው ዘንድ ያነሳና ቀጥ አድርጎ ወደኛ ጥግ ይወስደዋል። እዚያ ሁለቱን ግድግዳ ይመታና መውጫ አጥቶ ይሽከረከራል። ጥጉ እንደ ፍም ቀላ። ቬንትሌተሩን ወደ በሩ ስታዞረው ቀዩ እየሳሳ ሄደ።

እማ፣ ቬንትሌተሩን ወዳንቺ ያዞረው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። አንቺ መሳል ስትጀምሪ “ጓደኛዬ አየር ታግኝ” እያለች ከሁሉም ቀድማ እየገባች ታዞርልሽ ነበር፤ ለነካባት ሰው ወዮለት። ለኔም እንዲሁ ታደርግ ነበር። እትዬ ራዲዮ ከተቀመጠችበት ተነስታ “እኔ ነኛ ያዞርኩት” አለች። ተማሪዋ ደንግጣ “እኔ ያሰላሁት ብናኙን ነው። ማን በምን እንደታመመ ይሄ አይነግረኝም። ቬንትሌተሩ ሲጠፋም ጥጉ ላይ ብናኝ አለ፤ ያንሳል እንጂ አይቀርም” አለችና እሱንም አሳየችን። እውነቷን ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። እትዬ ራዲዮ ግን ወጥታ ሄዳ ነበር።

አሁን ቬንትሌተሩ ወደ በሩ ዞሯል፤ መኪናዬንም ከጥጉ አንስተው በሩ አጠገብ አደረጉልኝ። ጠዋት ጠዋት ጉሮሮዬን ይከረክረኝ የነበረው ቀሎኛል። ቤታችን ግን ጭር ብሏል። እትዬ ራዲዮ እንደ ዱሮው አታወራም። ሳስል ከሰማች ብድግ ብላ ትወጣለች። ለአለቃው ወሩ ሲያልቅ ሥራ እለቃለሁ ብላዋለች፤ እህቷ ዘንድ ልትሄድ ነው።

ተማሪዋ ያለችውን ልነግራት አፌን እከፍትና ውሃ አለ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ጠባዬን ታውቂዋለሽ። ትናንት ግን እንደምንም ነገርኳት። ጆሮ ሰጥታ ሰማችኝና “አነሰ እንጂ አልቀረም ነው የምትይኝ?” አለችኝ። አዎ አልኳት። “ታዲያ የተጨመረው የኔ ነዋ” አለች። ኮምፒውተሩም የሚለው ይህንኑ ነው።

ለዚህ ነው የምጽፍልሽ። እኔ የማልመልስላትን አንቺ ትመልሺላት ይሆናል። ማንበብ ስለማትችል ደብዳቤሽን የማነብላት እኔ ነኝ፤ የሷን ለብቻ አድርገሽ ጻፊው። ውሸት እንድትጽፊ አይደለም የምለምንሽ። በዚያ ሙቀት ያ ንፋስ አንድ ቀን እንኳ ደስ ካሰኘሽ፣ እሱን ብቻ ንገሪያት። ምናልባት ይህን ስታነቢ ሆድ ይብስሽ ይሆናል፤ ብትቆጪም አልፈርድብሽም። ቁጣሽን ግን በኔ ወረቀት ላይ ጻፊው። እኔ አንብቤ ለራሴ እይዘዋለሁ።

አባዬን እጅ ነስቼ ሰላም ብያለሁ። የአያቴን ጉልበት ሳሚልኝ። ትንሹን ወንድሜን ጉንጩን ቆንጥጠሽ ከዚያ ሳሚው። ታላቅ እህቴንና የአጎቴን ቤተሰብ በያሉበት ሰላም በይልኝ። እትዬ ራዲዮ አጠገቤ ተቀምጣ ቁልፍ እየተከለች ነው። ለማን እንደምጽፍ ታውቃለች። በፊት የደብዳቤዬ ግማሽ የሷ ሰላምታ ነበር፤ ዛሬ ሰላም በይልኝ አላለችኝም፣ ብዕሬን ግን እያየች ነው። ስለዚህ ይቺን ባዶ መስመር ለሷ ትቼላታለሁ፦

 

ልጅሽ
ከፍራሽ ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍላችን
የካቲት 9 ቀን