ወደ ግራ የዞረው ሙዳይ

ይድረስ ለእህቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። ጉሮሮሽ እንዴት ዋለልሽ? ረቡዕ አዳራሽ ውስጥ ስትስይ ሰምቼ ዝንጅብል ልኬልሻለሁ፤ ከማር ጋር ጠጪው። እኛ አልሀምዱሊላህ፣ ጉልበቴ እንኳ ከደስታዬ የተነሳ ዝም ብሏል። ጎረቤቴ ሐምዱ፣ ያ ሰፌድ ሻጩ፣ እትዬ ሎተሪ ደርሶዎት ነው የደበቁን እያለ ሰባተኛ ሰፈርን አዳርሶታል። በስልክ ብነግርሽ ስለምታቋርጪኝ ነው የምጽፈው።

ንግግርሽን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሆኜ ሰማሁት። ፈረንጅ የራሱን ሰው ሥዕል ከነስሙ ይሰቅላል፣ የእኛን እጅ ሥራ ግን ሠሪው አይታወቅም ብሎ ያልፋል፤ እሱ ያላወቀው ሁሉ የማይታወቅ ይመስለዋል ስትይ መዳፌ እስኪግል አጨበጨብኩ። እውነትሽን ነው።

ከዚያ ያቺን ከውጭ አገር ሙዚየም የመጣች ነጭ ሴትዮ መድረክ ላይ ጠርተሽ "እህቴ" አልሻት። እህቴ! ተቃቅፋችሁም በቋንቋዋ ሳቃችሁ። በር ላይ ከእኔ ጋር ስታስተዋውቂያት ግን፣ መርካቶ ስፌት የምትሸጥ፣ መረጃ የምትሰጠኝ ሴት ናት አልሽ። እንግሊዝኛ አይገባትም ብለሽ ይሆናል፤ አስራ ሁለተኛ ክፍል እኮ ጨርሻለሁ፣ እቴ! ሴትዮዋ አንገቷ ላይ የጠመጠመችው ሻርፕ ደግሞ ለዒድ እኔ የሰጠሁሽ ነው። ቀናሁ፣ ምን እደብቃለሁ። ታክሲ ተሳፍሬ ወደ መርካቶ ተመለስኩ።

ራጉኤል ልደርስ ስል መድረኩ ላይ በስክሪን ካሳየሽው በስልኬ ያነሳሁትን ፎቶ ከፈትኩ። እዚያ የሴትዮዋ ሙዚየም ያለውን ሙዳይ፣ "ደሴ፣ በድርቁ ዘመን የተገኘ፣ ሠሪዋ አትታወቅም" የተባለውን። ስፌቱ ወዴት እንደሚዞር አይተሻል? ሃያ ሁለት ዓመት ስፌት ሳገላብጥ እንዲያ ወደ ግራ የሚዞር እዚህ ገበያ አላጋጠመኝም። ብቻዬን ሳቅሁ፤ ረዳቱ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

አንቺ ያኔ፣ ደሴ ሳለን፣ ትንሽ ነበርሽ። እማ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ግራኝ ነበረች። ስፌት ስታስተምረኝ አጠገቧ ከተቀመጥኩ እጄ ይምታታብኛል፤ ስለዚህ እንደ መስታወት ፊት ለፊቷ ታስቀምጠኝ ነበር። ገዢው ሁሉ የተገለበጠ ነው እያለ ይመልስባታል። እርዳታ ሊያድል የመጣ አንድ ፈረንጅ ብቻ ምንም ሳይል ሙዳይዋን ገዝቶ ወሰደላት። በዚያው ሳምንት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ተሰፋልሽ፣ እጅጌው የረዘመው። ሰውየው ስሟን አልጠየቃትም። አንቺም ያን ሁሉ ስትናገሪ ስለ ሙዳዩ እኔን አልጠየቅሽኝም።

እንግዲህ ፎቶውን እንደገና ክፈቺና ዙሩን በጣትሽ ተከተዪው። ለሴትዮዋ ከመደወልሽ በፊት ግን እኔ ጋ ነይ። የሚጻፈውን የእማን ስም ከነአባቷ አብረን እንጽፋለን፣ በእኔ እጅ ጽሕፈት። ሻርፑንም ይዘሽ ነይ።

አላህ ጉሮሮሽን ያሽርልሽ፣ እውቀትሽን ይባርክልሽ፣ ከእኔም አያርቅሽ።

የእማ ልጅ፣
ታላቅ እህትሽ