«አሳልፎ የሰጠ» የሚለውን አምድ ላነበቡልን ክቡር ሥራ አስኪያጅ

ለቅርጫት ኳስ ክለባችን ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከሦስት ሳምንት ወዲህ መግለጫ በመስጠት ዕረፍት ያጣው ጉሮሮዎም እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። እኔ ከቡድናችን ውጤት በስተቀር ደህና ነኝ። ምናልባት ካላወቁኝ፣ በጨዋታ ቀን ከመሃል መስመሩ ትይዩ፣ አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን በተደገፈው ጠረጴዛ ላይ አጎንብሼ እያንዳንዱን ነጥብ፣ እያንዳንዱን ጥፋትና እያንዳንዱን ቅብብል በእጄ የምመዘግበው ሰው ነኝ፤ ከክብር ወንበርዎ ሆነው ቁልቁል ሲመለከቱ የሚታይዎት ራሰ በራ የእኔ ነው። ሥራውን ከያዝኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ለማውጣት የደፈርኩት ክብርዎን ለመንካት ፈልጌ አይደለም፤ በጽሕፈት ቤትዎ በኩል ያስገባኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች «ይታይ» ተብሎ ተመርቶባቸው እስከ ዛሬ ድረስ እየታዩ ስለሆነ ብቻ ነው።

ውድድሩ ስለተጋመሰ፣ ላደረጉልን ነገር ሁሉ ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ። የመዝጋቢ ነገር ሆኖብኝ ያለ ቁጥር መጻፍ አይሆንልኝም።

1ኛ. ስለ ደረጃ ሰንጠረዡ። የመጀመሪያው ዙር ሲጠናቀቅ ከአሥራ አምስት ጨዋታ አሥራ አንዱን አሸንፈን፣ ከአሥራ ስድስት ቡድኖች ሁለተኛ ነበርን። ይህ ሁኔታ እርስዎን ምን ያህል እንዳሳሰበዎት ዘግይቶ ነው የገባን። አምበላችንን ለሲሚንቶ ፋብሪካው ቡድን ሰጥተው፣ በምትኩ ደጋፊው ሁሉ «ሰማይ ጠቀሱ» የሚለውን ታላቅ ኮከብ ካመጡልን ወዲህ ስድስት ጨዋታ አድርገን አንዱን አሸንፈናል፤ እሱንም ቢሆን የተጋጣሚያችን አውቶቡስ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ስድስት ተጫዋች ብቻ በታክሲ ተጠጋግቶ ስለደረሰ ነው። ዛሬ ሰባተኛ ነን። ዘጠነኛ የነበረው የሲሚንቶ ፋብሪካው ቡድን ደግሞ አራተኛ ሆኗል። ከፍታው ለጤናችን እንዳይጎዳን አስበው ቀስ አድርገው ስላወረዱን፣ ለተቸገረው ቡድንም ስለዋሉት ውለታ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

2ኛ. ስለ ሰማይ ጠቀሱ። ሐሰት አልናገርም፣ ልጁ ተጫዋች ነው። ከየትም ይወረውራል፣ ከየትም ያስገባል፤ ባለፈው ሳምንት ብቻውን አርባ አንድ ነጥብ አስቆጥሮልን በሃያ ሦስት ነጥብ ልዩነት ተሸነፍን። ኳሷ አንዴ እጁ ከገባች ሌሎቹ አራት ልጆች አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ቆመው መንገድ መንገዱን ያያሉ። የግራ ክንፍ ተጫዋቻችን በሁለተኛው ሩብ ላይ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ፈትቶ፣ አስተካክሎ፣ መልሶ ሲያስር ቡድናችን በማጥቃት ላይ ነበር፤ ማንም መጉደሉን አላወቀም። አሰልጣኛችንም «ኧረ አቀብል! ኧረ በፈጠረህ አቀብል!» እያለ ሲጮኽ ድምፁ ተዘግቶ አሁን የሚያሠለጥነው በእጅ ምልክት ነው። ክለባችን ጸጥታ የሰፈነበት እንዲሆን ስላደረጉ ይህንንም አመሰግናለሁ።

3ኛ. ስለ አምዱ። እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ትንሽ እንዲታገሱኝ እለምናለሁ፤ ነገሩ ሁሉ ከዚህ ነው የመጣው። በመመዝገቢያ ወረቀቴ ላይ፣ ከግራ ሲቆጠር በአምስተኛው አምድ ራስጌ «አሳልፎ የሰጠ» የሚል ተጽፏል። ይህ አምድ አንድ ተጫዋች ራሱ ከመወርወር ይልቅ ለጓደኛው አሳልፎ የሰጣት፣ ጓደኛውም ነጥብ ያደረጋት ኳስ የምትቆጠርበት ነው። ቁጥሩ በበዛ መጠን ሰውየው ይመሰገናል። አምበላችን በአሥራ አምስት ጨዋታ በዚህ አምድ ላይ መቶ ሠላሳ ስምንት ነበረው፤ በሊጉ ውስጥ የሚቀርበው የለም። ተቃራኒ የነጠቀን ኳስ የሚመዘገበው ቀጥሎ ባለው አምድ ነው፤ እሱም «ያስነጠቀ» ይባላል። እዚያ ላይ አምበላችን አሥራ ሰባት፣ ሰማይ ጠቀሱ ስድሳ አንድ አላቸው። ሁለቱ አምዶች በአንዲት ቀጭን መስመር ብቻ ነው የሚለያዩት፤ ዓይንዎን ያንን ያህል ማንከራተት ግን ከማዕረግዎ ጋር እንደማይሄድ እረዳለሁ።

እርስዎም ወረቀቴን ይዘው ጋዜጠኞች ፊት ቀረቡ። ያቺ ጠባብ ክፍል ሞልታ ሰው በር ላይ ቆሞ ነበር፤ እኔም ከበሩ ኋላ ቆሜ ሰማሁ። ጣትዎን አምስተኛው አምድ ላይ አሳርፈው፣ «ይህ ልጅ በየጨዋታው ከዘጠኝ በላይ ኳስ አሳልፎ ይሰጣል፤ በዚህ ከሊጉ አንደኛ ነው። ክለባችን አሳልፎ የሚሰጥ ሰው አይሸከምም!» አሉ። ቀጥለውም ሰማይ ጠቀሱን ሲያወድሱ፣ «እዩት፣ በአሥራ አምስት ጨዋታ አራት ብቻ! እጁ ንጹሕ ነው» አሉ። ከአራቱ አንዷ እንኳ ለመወርወር ሲዘጋጅ ከእጁ ሾልካ ጓደኛው እጅ የገባች ናት፤ በቀድሞ ቡድኑ ሆኖ ከእኛ ጋር ሲጫወት እኔው ነኝ የመዘገብኳት። በሕይወቴ ብዙ ጨዋታ አይቻለሁ፣ ለጓደኛው ኳስ ባለመስጠቱ የተሸለመ ሰው ግን ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ጥፋቴን አልሸሽግም። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ቅጹ በባዕድ ቋንቋ መጥቶ «አንተ ጽሑፍ ትችላለህ፣ ወደ አማርኛ መልሰው» ሲሉኝ «ያቀበለ» ልበለው ወይስ «አሳልፎ የሰጠ» እያልኩ ግማሽ ቀን ሙሉ አሰብኩ፤ ሁለተኛው ወግ ያለው መሰለኝ። ቃሉ ሁለት ፊት እንዳለው ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ የቅርጫት ኳስ ክለብ በቅርጫት ኳስ ወረቀት ላይ ከሃዲ ይፈልጋል ብዬ ስላልጠረጠርኩ ነው። ለዚህ ጉድለቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ባለፈው ሐሙስ ምክትልዎ ይዘውልኝ የመጡትን፣ «ስህተቱ ሙሉ በሙሉ የመዝጋቢው መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚለውን ወረቀት ግን አልፈርምም። ብዕርም ይዘውልኝ መጥተው ነበር፤ ስለ ትሕትናቸው አመስግኜ ከነብዕራቸው ሸኝቻቸዋለሁ።

ደግሞ ይህንንም ይወቁልኝ። የሲሚንቶ ፋብሪካው ቡድን ሥራ አስኪያጅ ልውውጡን ከመጠየቃቸው አንድ ቀን በፊት ስልክ ደውለውልኝ ነበር። «ይቅርታ፣ ይህ ‹አሳልፎ የሰጠ› የሚለው አምድ ምን ማለት ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው፤ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ዘጉ። የእርስዎ ቢሮ ከእኔ ጠረጴዛ በአሥራ ሁለት ደረጃ ነው የሚርቀው፤ እሳቸው የደወሉት ከሌላ ከተማ ነው።

4ኛ ብዬ ልቀጥል ነበር። ቀጥሎ የምጽፈውን ግን ቁጥር ልሰጠው አልፈልግም።

«አሳልፎ የሚሰጥ ሰው» ያሉትን ጋዜጣው በትልቁ አወጣው። ከጋዜጣው መንገድ ላይ ወጣ፣ ከመንገድ ሰፈር ገባ፤ ሰፈር ሲደርስ «ጨዋታ ሸጦ ነው የተባረረው» ሆነ። የአምበሉ አባት፣ ከስታዲየሙ ጀርባ ባለ ሁለት ወንበር ፀጉር ቤት ያለው፣ የሠላሳ ዓመት ወዳጄ ነው። ድሮ በጨዋታ ቀን ከቤቱ ደጃፍ ወረፋ አይጠፋም ነበር። አሁን ደንበኞቹ በወዲያኛው የእግረኛ መንገድ ያልፋሉ፤ በብረት በሩ ላይ ደግሞ አንድ የማይረባ ሰው «የሻጩ አባት» ብሎ በቀለም ጽፎበታል። በቤንዚን ቢፈትጉትም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም።

ይህ ሁሉ ባልከፋ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ወዳጄ ሱቁን ዘግቶ፣ ሽርጡን እንኳ ሳያወልቅ፣ ባዶው አዳራሽ ድረስ መጣ። አጠገቤ ተቀመጠ። «አንተ አትዋሸኝም። ልጄ ሸጦናል ወይ?» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ አባት ነው ይህን የጠየቀኝ። የአሥራ አምስቱንም ጨዋታ ወረቀት አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩለት፤ መነጽሩን አድርጎ አንድ በአንድ፣ ጣቱን እያስከተለ አነበበ። መቶ ሠላሳ ስምንቱንም ቆጠረ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ አለቀሰ። ደስ ብሎት መስሎኝ ነበር። ለካስ መግለጫዎ በተሰማበት ዕለት ልጁ ዘንድ ደውሎ ይህንኑ ጥያቄ ጠይቆት ኖሯል። ልጁም፣ «አባዬ፣ አንተም?» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ የአባቱን ስልክ አያነሳም። እኔም አብሬው አለቀስኩ፤ ይህን በጋዜጣ ለመጻፍ አላፍርም።

እኔ ደውዬ ለልጁ ልነግረው ሞከርኩ። «ጋሼ፣ የእርስዎን ወረቀት አውቀዋለሁ፤ ሰው ሁሉ ያመነው እሳቸውን ነው፣ አባቴም ጭምር» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ ራሰ በራ መዝጋቢ ነኝ፤ እርስዎ ግን ባለ ሥልጣን ስለሆኑ ሲሳሳቱም ይታመናሉ።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። አምበላችንን ይመልሱልን አልልም፤ ለእኛ ቡድን ደህና ሰው ተመልሶ ምን ያደርጋል! የሲሚንቶ ፋብሪካው ቡድን ቅዳሜ ወደ እኛ ሜዳ ይመጣል፤ ልጁም ይመጣል፤ ወዳጄም ይመጣል። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት፣ ያው መግለጫ የሚወድ ጉሮሮዎ ለአንዲት ዓረፍተ ነገር ይታዘዝልኝ። ሥራ እንዳይበዛብዎ አርቅቄልዎታለሁ፦ «አምበሉ ኳስ የሚያሳልፈው ለጓደኞቹ ነበር፤ ወረቀቱን በትክክል ያላነበብኩት እኔ ነኝ።» አጭር ናት፤ ሰማይ ጠቀሱ እንኳ ኳስ ከመወርወሩ በፊት ተነብባ ታልቃለች።

እንግዲህ ዘመንዎ እንዲረዝም፣ ሥልጣንዎ እንዲሰፋ፣ ወንበርዎም እንዳይነቃነቅ እየተመኘሁ፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያጎደልኩት ክብር ቢኖር ከሚቀጥለው ደመወዜ ላይ ሳይሆን ከትሕትናዬ ላይ እንዲቀነስልኝ በማክበር እለምናለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ታዛዥዎ የመዝጋቢው ጠረጴዛ ሠራተኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቅዳሜ በድንገት ጉሮሮዎን ቢያምዎ ወይም አስቸኳይ ስብሰባ ቢገጥምዎ ፈጽሞ እንዳይጨነቁ። የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ያለው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ማብሪያና ማጥፊያውም ከእኔ እጅ አይወጣም። እርስዎ ከመጡ በደስታ አቀብልዎታለሁ። ካልመጡ ዓረፍተ ነገሯን እኔው በስምዎ አነባለሁ፤ ከዚያም አባትና ልጅ ተቃቅፈው እስኪላቀሱ ድረስ ጨዋታውን አላስጀምርም፤ እርስዎ የት እንዳሉ ለሚጠይቅ ደጋፊም የቢሮዎን ደረጃ አሳያለሁ።