ለባለቤቱ ያልደረሰው ውጤት

ለክሊኒካችን የኦንላይን አገልግሎት ክቡር ኃላፊ፣
ጆሃንስበርግ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ ሕመም ከመጣም ከጎረቤት በፊት እርስዎ እንዲሰሙት እጸልያለሁ።

እኔ ዱካሞ እባላለሁ። ከከተማው ዳር ካትሌሆንግ በሚባለው ሰፈር ለብዙ ዓመታት ስፓዛ የሚሉትን ትንሽ የሰፈር ሱቅ ከፍቼ ስሠራ ኖሬ፣ ስትሮክ ቀኝ እጄን ካሰነፈውና የዓይኔን ብርሃን ከቀነሰብኝ ወዲህ ቤሪያ ሰፈር በአንዲት ክፍል ተቀምጫለሁ። የምታስታምመኝ ኤርጎጌ የምትባል የአገሬ ልጅ ናት፤ በደመወዝ የቀጠርኳት ብትሆንም እንደ አባቷ ነው የምታየኝ። ክሊኒካችሁ ስልክ ሲደወል የሚያነሳ ስለሌለው፣ ቀጠሮ እንድትይዝልኝና መድኃኒት እንድታዝዝልኝ በስልክ አፓችሁ በኩል ፈቃድ ይሰጣት ብዬ ለመንኩ። ያን ጊዜ የዋላችሁልኝን ውለታ ሳላመሰግን መሞት ስላልፈለግሁ፣ ይህን ደብዳቤ በጎረቤቴ እጅ አስጽፌያለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ለጋስነታችሁ። የጠየቅሁት የቀጠሮና የመድኃኒት ፈቃድ ብቻ ነበር፤ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ግን በአገሯ ቋንቋ «ባባ»፣ አባቴ፣ እያለች በአክብሮት ካስተናገደችኝ በኋላ፣ የምርመራ ውጤቴም ጭምር ለኤርጎጌ እንዲከፈት አደረገች። ውጤቱን ማን ቀድሞ እንዲያይ እንደምሻ መጠየቅ ሽማግሌ ማድከም መስሏት ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ስለ ፍጥነታችሁ። አንጀቴ ላይ የተገኘው ካንሰር መሆኑን፣ ገና ስላልተስፋፋም ቶሎ ቀዶ ሕክምና ቢደረግልኝ የመዳን ተስፋዬ ሰፊ መሆኑን የሚገልጸው መልእክት ሳይውል ሳያድር በአፑ መጣ፤ ኤርጎጌም አነበበችው። በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ በድንገት ለባለቤቱ አይነገርም፤ ሽማግሌ ይመክርበታል፣ ታማሚው እንዳይደነግጥም ይደበቃል። እያለቀሰች ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ነገረቻቸው፤ እነርሱም ድንጋጤው ሌላ ስትሮክ እንዳያመጣብኝ ፈርተው፣ ትንሽ እስክበረታ ድረስ የጨጓራ ሕመም ነው እንድትለኝ መክረው ጾም ጸሎት ያዙ። ብርቱካን ይዘው ሲመላለሱብኝ እኔ ሞኙ ተወዳጅነቴ ጨመረ ብዬ ኮራሁ። የሚቀርብልኝን አጥሚት እየጠጣሁ ወራቱ አለፉ። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ፤ በሽታው ከበሽተኛው ሲደበቅ ምን እንደሚባል ግን አልነገሩንም።

ሦስተኛ፣ ስለ ጥንቃቄያችሁ። ሕመሙ ሲብስብኝ ያየኝ ወጣት ሐኪም ቀዶ ሕክምናውን ለምን እንደተውኩት በቁጣ ሲጠይቀኝ፣ ስለ ካንሰሩ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። አሁን ጉበቴ ላይ ደርሷል፤ ቀዶ ሕክምናም አይረዳህም ተብያለሁ። አቤት ብል፣ መልእክቱ መከፈቱን ኮምፒውተራችሁ ስለሚያሳይ ለታካሚው ተነግሮታል ብላችሁ መለሳችሁልኝ። መልእክቱን የከፈተ ጣት ሁሉ የእኔ ጣት መሆኑን ስላስተማራችሁኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ሳልቀርብ ስቀር ደውሎ የጠየቀኝ አለመኖሩንም ለዕረፍቴ ከመጨነቅ ቆጥሬዋለሁ።

ኤርጎጌን ክፉኛ ተቆጥቻታለሁ። አልሸሸችም፤ እግሬ ሥር ተንበርክካ አለቀሰች፤ ዛሬም ገላዬን የምታጥበኝ እርሷ ናት። ያደገችበትን ልማድ ነው የፈጸመችው፤ ሽማግሌዎቹንም ይቅር ለማለት እየታገልኩ ነው። እናንተ ግን ፊት ለፊታችሁ ተቀምጬ ሳለ አልጠየቃችሁኝም። መኖር እፈልግ ነበር፤ ቢላዋ ሥር መግባትም ሆነ አለመግባት የእኔ ውሳኔ ነበር።

በእናንተ ዘንድ ሁሉ የተነገረኝ፣ በቤቴ ግን ምንም ያልሰማሁ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን ከልብ የምመኝ አክባሪዎ፣
ዱካሞ፣ ከቤሪያ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለመጪው ዓመት የክትትል ቀጠሮ እንደያዛችሁልኝ የሚገልጽ መልእክት ደርሶናል። ሐኪሙ እስከዚያ እንደማልቆይ ስለነገረኝ በዕለቱ የምትመጣው ኤርጎጌ ናት፤ ሙሉ ፈቃድ አላትና እባካችሁ እርሷን መርምሩልኝ።