መበለቷና የጠፈሩ ሰውዬ

ደምሴዬ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ክረምት የምለው እንደ አገርህ እንደ ጎጃም ልማድ ነው እንጂ፣ የቦንጋ ዝናብ መቼ እንደሚገባ መቼ እንደሚወጣ አንተም ሳይገባህ ነው የሄድከው። ሰው ሲጠይቀኝ «ደህና ነኝ» እላለሁ። ላንተ ግን እውነቱን ልንገርህ፤ ደክሞኛል። አልታመምኩም፣ የጎደለብኝም ነገር የለም። ደክሞኛል ብቻ።

ቤታችን ያው ነው። የጓሮው በር አዘንብሎ አልዘጋ ብሏል። ልጃችን ማርታ ሚዛን ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ትማራለች፤ እሁድ እሁድ ትደውላለች። የመብራቱ ቆጣሪ አሁንም በስምህ ነው። ላዛውረው ስመላለስ አንዴ «ሲስተም የለም» ይሉኛል፣ አንዴ የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ገብቷል። እኔም የቢሮ ሠራተኛ ነኝና ምን እላቸዋለሁ? እኛም ለባለጉዳይ የምንለው ይህንኑ ነው።

የጻፍኩልህ ግን ስለ መጻሕፍት ላወራህ ነው። ፊዚክስ ልታስተምር እዚህ በመጣህበት ዓመት የጀመርከው የቅዳሜ የንባብ ማኅበር ትዝ ይልሃል? መጀመሪያ የተገናኘነው እዚያ ነበር። አንተ አንድ ሳይንሳዊ ልቦለድ ይዘህ መጣህ፤ እኔ «የምድሩን ችግር ሳይጨርስ ሰው ጠፈር ላይ ምን ይሠራል?» አልኩህ። ሳቅክ። ሰኞ ደግሞ ሌላ የጠፈር መጽሐፍ ይዘህ ቢሮዬ ድረስ መጣህ። ሳንስማማ ተጋባን፣ ሳንስማማ ኖርን። የእኔን ልቦለዶች «አንዱ ይወዳል፣ አንዱ ይከዳል፣ አንዷ ታለቅሳለች፣ አለቀ» ትል ነበር። እኔ ደግሞ ያንተዎቹን «ብረት ብቻ! ሰው የለበትም» እልሃለሁ።

ከሞትክ በኋላ ማኅበሩ ተበተነ። ባለፈው ጥቅምት ላይ ግን ሰላም መጣች፤ ከሐዋሳ ተዛውራ የመጣችው የባንክ ሠራተኛ። «እትዬ አስቴር፣ ማኅበሩን እንደገና ልንጀምር ብለን መሰብሰቢያ አጣን። ካፌው ሙዚቃው አያነጋግርም» አለችኝ። እምቢ ማለትም አቅም ይጠይቃል። ኑ አልኳቸው።

መጀመሪያ ያነበብነው ዘንድሮ አገሩ ሁሉ የሚያወራለትን ልቦለድ ነው፣ በስልክ ሳይቀር የሚቀባበሉትን። አዲስ አበባ ያለች መበለት ናት። ባሏ በመጀመሪያው ምዕራፍ ይሞታል፣ በመጨረሻው ከሌላ ሰው ጋር ፍቅር ይዟት ቤቷን ሸጣ ትሄዳለች። ጋሽ ወልዴ፣ የታሪክ መምህር የነበሩት፣ መነጽራቸውን አወለቁ። «ነውር ነው! የባሏ አፈር እንኳ ሳይደርቅ!»

«የሞተችው እሷ ብትሆን እሱ በዓመቱ ያገባ ነበር፤ ማንም ነውር አይለውም» አለች ሰላም። «እኔ ጀግና ናት ባይ ነኝ።»

ጭቅጭቁ ከረረ፣ ከዚያ ድንገት ተቋረጠ። ማን ቤት እንደተቀመጡ ትዝ ብሏቸው ነው። ጋሽ ወልዴ በአፍ መፍቻቸው በካፊኖኖ ይቅርታ ጠየቁኝ። ነገር ሲከብድባቸው አማርኛውን ይተዉታል።

«ማፍቀሯ አይደለም የከፋኝ» አልኩ። «አለመድከሟ ነው። መጽሐፉን ሙሉ ታለቅሳለች። ዝናቡን እያየች ታለቅሳለች፣ ሸሚዙን አቅፋ ታለቅሳለች። ለተዝካሩ እህሉን ማን አስፈጨ? ቆጣሪውን ማን አዛወረላት?»

ሰላም ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗን ጠረገች።

ቀጥሎ ሰላም ከመደርደሪያህ ያንን ወፍራም የጠፈር መጽሐፍ መዘዘች። ጅማ ለሕክምና ተኝተህ ሳለ አነብልህ የነበረውን፣ ሳንጨርሰው የቀረውን። የማሽኑ ነገር ሲሰለቸኝ «ዝለይው፣ ሰውዬው ጋ ሂጂ» ትለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነክቼው አላውቅም። በእንግዶቼ ፊት እንዳላፍር ብዬ አነበብኩት፤ አንድም መስመር ሳልዘል።

ሰውዬው ጓደኛው ሞቶበት መንኮራኩሯ ውስጥ ብቻውን ቀርቷል። የአየር ማጣሪያ ያጥባል፣ ቧንቧ ይጠግናል፣ ውሃ ይለካል። አያለቅስም። የሞተው ጓደኛው የሥራ ተራ ሲደርስ ግን ተነስቶ የእሱንም ሥራ ይሠራል። ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ ተራው ስለደረሰ ነው። እዚያ ገጽ ላይ መጽሐፉን ጭኔ ላይ አድርጌ ቆየሁ።

ቅዳሜ ጋሽ ወልዴ «ይሄማ ቧንቧ ሲጠገን መቶ ገጽ አለቀ። ታሪኩ የታለ?» አሉ። ሰላምም «ቀዝቃዛ ነው፣ ስሜት የለውም» አለች።

«ስሜቱ ቧንቧው ነው!» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ማለቱን ያወቅኩት ሁሉም ዞር ሲሉ ነው። «ሁለት ሰው ይሠራው የነበረውን አንድ ሰው ሲሠራው አላያችሁም? ከዚያች ለቅሶ ከማይሰለቻት መበለት ይልቅ ሐዘን የገባው ይሄ ነው።»

 «አልተስማማሁም» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ግን ደግሜ አነበዋለሁ።» ሲወጡ የጓሮውን በር አይተው «ማጠፊያው ነው፣ ሰኞ እመጣለሁ» አሉኝ። መጡም። በሩን እያነሳሁላቸው ሲሠሩ ስለ መጽሐፉ እንደገና ተጨቃጨቅን።

አንተ በትዳራችን ዘመን ሁሉ ያላሳመንከኝን ሳትኖር አሳመንከኝ። ደስ አላለኝም። እንዲያውም ተናደድኩ፤ ስረታ ማየት የነበረብህ አንተ ነበርክ። መጨረሻውን ስላልሰማህ ልንገርህ፦ ሌላ መንኮራኩር ትደርስለታለች። ሰዎቹ ሲገቡ ሰላምታ አይሰጣቸውም፣ «እግራችሁን ጥረጉ» ነው የሚላቸው። ብትሰማው ትወደው ነበር።

ደምሴዬ፣ ትልቅ ቃል ልገባልህ አልችልም። አንዳንድ ቀን አንዴም ሳላስብህ ይመሻል፤ ድካሙ ነው፣ አትቀየመኝ። ሰዎች ስምህን ሲያነሱ ደግሞ እያሳመሩህ ነው፤ ትዕግሥተኛ፣ ዝምተኛ፣ እንደ መልአክ ያደርጉሃል። እኔ ግን ግትር እንደነበርክ፣ ምግብ ቀርቦ መጽሐፍ እንደማትዘጋ፣ ተሸንፈህም እንደማታምን አውቃለሁ። በሕይወት እስካለሁ ልክ እንደነበርከው አስታውስሃለሁ። ማንም ልቦለድ እንዲያደርግህ አልፈቅድም።

ያንተው አስቴር